ከአዲስ አበባ ጣሪያ ላይ የሌሊቱን ሰማይ ፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በከተማ መብራት መካከል ሆነው የሌሊቱን ሰማይ በካሜራ ለመያዝ የሚሞክሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ሰዓቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የከዋክብቱ ከፍታም አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ መሆኗን መሠረት በማድረግ የተሰላ ነው።

የከተማው መብራት ከዋክብቱን ከሸፈናቸው በኋላ ካሜራ ማውጣቱ ምን ይጠቅማል?

መብራቱ ከዋክብቱን አልሸፈናቸውም። ደመና የኮከቡን ብርሃን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ የመንገድ መብራት ግን የሚያስቀረው ነገር የለም። ከአምፖሉ ወደ ላይ የሚወጣው ብርሃን ከአየር ቅንጣቶች፣ ከአቧራና ከጢስ ጋር እየተጋጨ ወደ እኛ ይመለስና ከኮከቡ ብርሃን ጋር ይደባለቃል፤ ሰማዩ ግራጫ ወይም ብርቱካናማ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። የኮከቡ ድርሻ እንዳለ ሌንሱ ላይ ይደርሳል፤ የጠፋው ኮከቡ ከጀርባው ካለው ሰማይ ጋር የነበረው ልዩነት ነው። ዓይን ይህን ልዩነት አስልቶ ማውጣት አይችልም፤ ካሜራ ግን የተጨመረውን ብርሃን ለክቶ ስለሚይዘው በኋላ በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል።

ሊቀነስ የማይችል አንድ ነገር ግን አለ። ብርሃን የሚመጣው ቅንጣት በቅንጣት ስለሆነ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፣ ጠብታው በየሰከንዱ እኩል አይሆንም። ዝናቡ በበረታ ቁጥር የጠብታው መዋዠቅም ይበረታል፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚናገር ሰው አይሰማም። ፎቶግራፍ አንሺዎች ኖይዝ የሚሉት ይህንኑ መዋዠቅ ነው። በከተማ ሆኖ ሰማይን ማንሳት በአብዛኛው ከዚህ መዋዠቅ ጋር የሚደረግ ትግል ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶችም ዞረው ዞረው ወደዚሁ ይመለሳሉ።

የሰፈሬ ሰማይ ምን ያህል እንደተበከለ በምን አውቃለሁ?

አሜሪካዊው የሰማይ ተመልካች ጆን ቦርትል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መለኪያ የሰማይን ጨለማ ከ1 እስከ 9 ይመድባል፤ 1 ፍኖተ ሐሊብ መሬት ላይ ደብዛዛ ጥላ እስኪጥል ድረስ የጨለመ ሰማይ ሲሆን፣ 8 እና 9 የትልልቅ ከተሞች መካከል ነው። መሣሪያ ሳይገዙ ለመገመት በጥር ወር ምሽት ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉትን፣ በሌላ ስማቸው ፕሌያዲስን፣ ይመልከቱ። ስድስቱን ሳይቸገሩ መቁጠር ከቻሉ ሰማይዎ ደህና ነው፤ ሁለት ሦስት ነጥብ ወይም ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ከታየዎት ግን ብክለቱ ከባድ ነው።

ባለሙያዎች የሰማዩን ድምቀት የሚገልጹበት ቁጥር ደግሞ በፍጹም ጨለማ ወደ 22፣ በትልቅ ከተማ መካከል ወደ 18 ይጠጋል። የአራት ቁጥር ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሰማዩ 40 ጊዜ ያህል ደምቋል ማለት ነው። እንደ ኔቡላ (በሕዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) እና ጋላክሲ ያለ ደብዛዛ ነገር በጨለማ ቦታ በአንድ ሰዓት የሚሰጠውን ጥራት ከዚያ ከተማ መካከል ለማግኘት 40 ሰዓት ያህል ብርሃን መሰብሰብ ይጠይቃል። ይህን ስሌት አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ብስጭት ያድናል።

ታዲያ ከከተማ ሆኜ ምን ማንሳት እችላለሁ?

ጨረቃና ፕላኔቶች በከተማ መብራት አይነኩም ማለት ይቻላል። ሙሉ ጨረቃ በኤፍ 8 (አፐርቸር የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እና በ1/125ኛ ሰከንድ ገደማ በጥሩ ሁኔታ ትወጣለች፤ ብዙ ጀማሪዎች ጨረቃዋ ነጭ ሳንቲም ብቻ የምትሆንባቸው ካሜራውን በራስ ሰር አሠራር ስለሚተዉት ነው። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስና ቀጭን ጨረቃ አንድ ላይ በሚታዩበት ንጋት ደግሞ ከተማው ራሱ የፎቶው አካል ይሆናል፤ መብራቱ የሚጠቅምበት ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚያ በመቀጠል የሚመከሩት ወደ አናት ከፍ ብለው የሚያልፉ ደማቅ ነገሮች ናቸው። ይህን ምክር ከሌላ አገር የተዘጋጀ መመሪያ ሲያነቡ ልብ ሊሉት ይገባል፤ በአውሮፓ ሰማይ ዝቅ ብለው የሚያልፉ ብዙ ነገሮች በእኛ ሰማይ ከፍ ብለው ያልፋሉና። የኦሪዮን ኔቡላ ከአዲስ አበባ ሲታይ እስከ 75 ዲግሪ ድረስ ይወጣል (አድማሱ 0፣ አናት 90 ዲግሪ ነው)፤ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በጥር ወር ማብቂያ ሰሞን ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በየካቲት አጋማሽ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይገኛል። ፕሌያዲስም በተመሳሳይ ከፍታ በሰሜን በኩል ያልፋሉ። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በኅዳር መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ 58 ዲግሪ ላይ ይሆናል፤ ከከተማው ውስጥ እምብርቱ በቀላሉ ይያዛል፤ ክንዶቹ ግን የብዙ ሌሊት ሥራ ናቸው።

ከፍታው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ኮከቡ 30 ዲግሪ ላይ ሲሆን ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ከአናት በላይ ካለው ሁለት እጥፍ፣ 20 ዲግሪ ላይ ሲሆን ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ የከተማው ጢስና መብራትም በዚያው ዝቅ ባለው አየር ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት በደቡብ በኩል የሚታየው የደቡብ መስቀል መካከሉ ከ21 ዲግሪ በላይ ስለማይወጣ የከተማውን ብርሃን ተሻግሮ መያዝ ያስቸግራል። በዚያው ወቅት 33 ዲግሪ ድረስ የሚወጣው ኦሜጋ ሴንቶሪ የተባለው የከዋክብት ክምር ግን ደማቅ ስለሆነ መሞከሩ አይከፋም።

ሌላው ለከተማ የሚስማማው የከዋክብትን ጉዞ በመስመር የሚያሳየው ፎቶ ነው። ካሜራውን አጥብቆ አቁሞ ሳያቋርጡ ለአንድ ሰዓት ያህል አጫጭር ፎቶዎችን ማንሳትና በኮምፒውተር ማያያዝ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ወደ ምሥራቅ ያነጣጠረ ካሜራ ከዋክብቱ ቀጥ ብለው ሲወጡ፣ ወደ ሰሜን ያነጣጠረው ደግሞ በአድማሱ ጫፍ ላይ ግማሽ ክብ ሲሠሩ ያሳያል።

ፍኖተ ሐሊብን ከአዲስ አበባ መያዝ ይቻላል?

ከከተማው ጫፍ በደበዘዘ ሁኔታ ይቻላል፤ ከመካከሉ ግን መልሱ ከትዕግሥት ይልቅ ከዕድል ጋር የተያያዘ ነው። ዋናው ችግራችን ግን መብራቱ ብቻ አይደለም። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ እምብርት የሌሊቱን አብዛኛውን ክፍል የሚታየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ክረምቱ ሰማዩን የሚዘጋበት ወቅት ነው። የእምብርቱ ከፍታ በደቡብ በኩል 52 ዲግሪ ድረስ መድረሱ ለአውሮፓ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚያስቀና ቢሆንም፣ ዝናቡ ስጦታውን መልሶ ይወስድብናል።

ስለዚህ የሚቀሩን ሁለት በሮች ናቸው። አንደኛው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ በመጋቢት ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት፣ በሚያዝያ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የሚገኘው ጊዜ ነው፤ በዚህ ሰዓት የቤቶች መብራት በአብዛኛው ጠፍቶ፣ መኪናውም ቀንሶ ስለሚገኝ ከምሽቱ ይልቅ ንጋቱ ይመረጣል። ሁለተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ያለው ነው። በመስከረም መጨረሻ ልክ እንደጨለመ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ እምብርቱ በደቡብ ምዕራብ 40 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ክረምቱም አየሩን አጥቦት ስለሚቆይ ጥራቱ ግሩም ነው። በኅዳር መጀመሪያ ወደ አድማሱ ስለሚወርድ ከዚያ በኋላ መጠበቅ አያዋጣም።

የትኞቹ ሌሊቶች የተሻሉ ናቸው?

የጨረቃን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ጨረቃ ባልወጣችበት ወይም በሠርቋ ሰሞን ይሥሩ። ብዙዎች የሚዘነጉት አየሩን ነው። የመንገድ መብራቱ መጠን ባይቀየርም፣ አየሩ ጢስና አቧራ ሲይዝ ብርሃኑን የሚመልሰው ነገር ይበዛል። በበጋ ወራት ለሳምንታት ዝናብ ሳይጥል ሲቀር አቧራው ይጠራቀማል፤ በምሽት የእንጨትና የከሰል ጢስ ይጨመርበታል። በደመራ ምሽት ካሜራ ማውጣት ደግሞ ትርፉ ድካም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ያልተጠበቀ ዝናብ ጥሎ ሰማዩ በነጋታው የጠራበት ሌሊት ነው፤ እንዲህ ያለ ምሽት ሲገኝ ሌላ ቀጠሮ መሰረዝ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከምድር አየር ሩብ ያህሉ ከእኛ በታች ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ይህን አያገኝም።

ከየት ልቁም? ወደ የትኛው አቅጣጫስ ላነጣጥር?

ከተማውን ከጀርባዎ ያድርጉት። በሽሮ ሜዳ በኩል ያለ ሰው ወደ ሰሜን ሲያነጣጥር ከፊቱ የእንጦጦ ጫካ አለ፤ ወደ ደቡብ ሲዞር ግን መላው ከተማ ከሌንሱ ሥር ይተኛል። አቃቂ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ሰሜን ባነጣጠረ ቁጥር ያንኑ ከተማ ይጋፈጣል። ሁለተኛው ደንብ በቀጥታ ወደ ሌንሱ የሚገባ መብራት እንዳይኖር ማድረግ ነው፤ የጣሪያ ግድግዳ፣ የውኃ ታንከር ወይም የተሰጣ ብርድ ልብስ እንኳ ይህን ሥራ ይሠራል።

እንጦጦ ላይ መውጣቱ ይጠቅማል፤ መብራቱን ግን አያስመልጥም። በተራራው ላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሲሆኑ፣ የከተማው ብርሃን እየደረሰባቸው ነው፤ ለትልልቅ ቴሌስኮፖች በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ሲጠኑ የቆዩትም የጨለማ ሰማይ ፍለጋ ስላለበት ነው። ለባለሙያው ያስቸገረው ነገር እኛን ማስቸገሩ አይገርምም።

ስልክ ይበቃል ወይስ ካሜራ መግዛት አለብኝ?

ስልክዎ ፕሮ የሚባለው አሠራር ካለውና የሸተር ጊዜውን (ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) እስከ 10 ወይም 30 ሰከንድ ማራዘም ከቻለ ይበቃል፤ ያለ ትራይፖድ ግን አይሞከርም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ካወጣው ፒክስል 4 ጀምሮ አንዳንድ ስልኮች ብዙ ፎቶዎችን ራሳቸው አንስተው ራሳቸው ያዋህዳሉ። ካሜራ ለሚገዛ ሰው ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ) እና የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሁሉም ያነሰ ወጪ ያለው ጥሩ መነሻ ነው።

ካሜራውን በምን ላይ ላስተካክለው?

በመጀመሪያ ፋይሉ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያልጨመቀው ጥሬ ፋይል፣ እንዲሆን ያድርጉ። ጄፔግ የሰማዩን ቀለም ጨምቆ ስለሚያስቀምጠው በኋላ የከተማውን ብርሃን ለመቀነስ የሚያስችል መረጃ አይተርፍም። ትኩረቱን በእጅ፣ በደማቅ ኮከብ ላይ፣ በስክሪኑ ምስሉን አጉልተው ያስተካክሉ፤ በሌንሱ ላይ ያለው የመጨረሻው ምልክት ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም።

የሸተሩ ጊዜ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የምድር መሽከርከር ነው፤ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር በማካፈል የሚገኘው ሰከንድ ከዋክብቱ ሳይሳቡ የሚቆዩበትን ጊዜ በግምት ይሰጣል፤ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትንሽ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለ1.5 ወይም ለ1.6 ማካፈል ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት በትንሽ ሴንሰር 18 ሚሊሜትር ወደ 18 ሰከንድ፣ 50 ሚሊሜትር ወደ 6 ሰከንድ ይፈቅዳል። ነገር ግን ከዋክብት በፍጥነት የሚሳቡት ከሰማይ ወገብ (በምድር ወገብ አናት ላይ ከሚያልፈው የሰማይ መስመር) አጠገብ ሲሆኑ ነው፤ ኦሪዮን ደግሞ እዚያው ላይ ስለሚገኝ ለ50 ሚሊሜትር 4 ሰከንድ መውሰድ ይሻላል።

ሁለተኛው ወሰን ራሱ የከተማው ብርሃን ነው። በስክሪኑ ላይ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) ይመልከቱ፤ የሰማዩ ጉብታ ከግራ ጠርዝ ተላቆ ከጠቅላላው ስፋት አንድ ሦስተኛ አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ የከዋክብቱ ቀለም ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል። በኤፍ 2.8፣ በአይኤስኦ 800 እና በ10 ሰከንድ ይጀምሩና እንደ ሰፈርዎ ያስተካክሉ። ሰማዩ ደመቀ ተብሎ የሚቀነሰው የአንዱ ፎቶ ጊዜ ብቻ ነው፤ የፎቶዎቹ ቁጥር ግን መጨመር አለበት።

ብዙ ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ ለምን ይህን ያህል ይመከራል?

ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው የዝናቡ መዋዠቅ ነው። ፎቶዎቹ በከዋክብቱ ልክ ሲገጣጠሙ ኮከቡ በሁሉም ላይ አንድ ቦታ ይገኛል፤ ኖይዙ ግን በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል፤ ስለዚህ አማካይ ሲወሰድ ኮከቡ ይጸናል፣ ኖይዙ ይሟሟል። መሻሻሉ የፎቶዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው፤ 4 ፎቶ ሁለት እጥፍ፣ 100 ፎቶ አሥር እጥፍ ያሻሽላል። ከዚህ የሚታየው ሌላ ነገር ትርፉ እየቀነሰ መሄዱ ነው፤ የ100 ፎቶውን ውጤት በእጥፍ ለማሳደግ 400 ያስፈልጋል። ለኦሪዮን ኔቡላ 450 ፎቶ በ4 ሰከንድ፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት፣ ጥሩ ጅምር ነው፤ በሚቀጥለው ምሽት ሌላ ግማሽ ሰዓት መጨመርም ይቻላል።

ለማዋሃድ ዲፕስካይስታከር እና ሲሪል የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ፕሮግራሞቹ በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ የታየን ነገር ለይተው ስለሚጥሉ፣ ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖችና ሳተላይቶች የሚተዉት መስመርም አብሮ ይጠፋል።

በዚህ ደረጃ ብዙዎች የሚዘሉት፣ በከተማ ግን ፈጽሞ ሊዘለል የማይገባው፣ ፍላት የሚባለው ፎቶ ነው። ሌንስ ጠርዝ ጠርዙን ያጨልማል፤ ሰማዩ ሲደምቅ ይህ ጥቁረት ጎልቶ ስለሚወጣ ፎቶው መሃሉ ያበጠ ይመስላል። ትኩረቱንና አፐርቸሩን ሳይነኩ፣ እጥፍ የተደረገ ነጭ ነጠላ ወይም ካናቴራ በሌንሱ ላይ ወጥረው ጠዋት ወደ ሰማይ 20 ያህል ፎቶ ያንሱ፤ ፕሮግራሙ በእነዚህ አማካይነት ጉድለቱን ያርመዋል።

የብርሃን ብክለት ማጣሪያ ልግዛ?

መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ይሞክሩ። የቀድሞዎቹ ብርቱካናማ የሶዲየም መብራቶች ብርሃናቸውን በአብዛኛው በ589 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚያወጡ ያን ክፍል የሚቆርጥ ማጣሪያ ይጠቅም ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን ብርሃኑን በሁሉም ቀለም ላይ ይበትናል፤ ከፊሉም ሰማያዊ ስለሆነ፣ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ በአየር ውስጥ ከቀይ ይልቅ በጣም ስለሚበተን ጉዳቱ ይብሳል። መንገዶችና ሕንጻዎች በኤልኢዲ በተሞሉባት አዲስ አበባ የድሮው ዓይነት ማጣሪያ የሚሰጠው ጥቅም እየቀነሰ ሄዷል።

በአንጻሩ ሃይድሮጂን የሚያወጣውን የ656 ናኖሜትር ቀይና ኦክስጅን የሚያወጣውን የ501 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ጠባብ ማጣሪያዎች ለኔቡላ በእርግጥ ይሠራሉ። ዋጋቸው ግን ውድ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ውስጡ ያልተቀየረ ካሜራ የሃይድሮጂኑን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ራሱ ያግደዋል፤ የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ስለሆነም ለአንድሮሜዳ ምንም አይረዱም።

የከዋክብትን ጉዞ የሚከተል መሣሪያ እዚህ ይሠራል?

ይሠራል፤ ማስተካከሉ ግን ፈተና ነው። መሣሪያው ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያነጣጥር ይጠበቃል፤ ያ ኮከብ ደግሞ በእኛ ሰማይ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ለብዙ የሰሜን አዲስ አበባ ነዋሪዎች እንጦጦ ራሱ ይሸፍነዋል። በኮምፓስና በስልክ ዘንበል መለኪያ በግምት አስተካክሎ የ30 ሰከንድ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ከተማ ውስጥ ከዚያ የረዘመ ፎቶ ስለማያስፈልግም ግምቱ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በኮምፒውተር የከተማውን ብርሃን መቀነስ ማጭበርበር አይደለም?

አይደለም፤ ወሰን ግን አለው። ሲሪል ላይ የበስተጀርባውን ብርሃን የሚያወጣው ትእዛዝ ኮከብም ኔቡላም በሌለባቸው ቦታዎች ናሙና ወስዶ፣ ከአድማሱ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄደውን ብርሃን ገምቶ ይቀንሳል። የሚወጣው ከተማው የጨመረው እንጂ ሰማዩ የሰጠው አይደለም። ናሙናው ኔቡላው ላይ ካረፈ ግን ኔቡላውም አብሮ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ነጥቦቹን በእጅ ማስቀመጥ ይመረጣል። ከሌላ ቦታ የተነሳ ፍኖተ ሐሊብን ከአራት ኪሎ ሕንጻዎች በላይ መለጠፍ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ የሚያደርገው ሰው ቢያንስ ይናገር።

መብራት ሲጠፋስ?

የአንድ ሰፈር መብራት ሲጠፋ በቀጥታ ዓይንና ሌንስ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ይቀራል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። በሰማዩ ላይ የተንሰራፋው ብርሃን ግን ከሌላው ከተማ የሚመጣ ስለሆነ ያን ያህል አይቀንስም፤ ጄኔሬተሮችም ብዙ ሳይቆዩ ይነሳሉ። ባትሪዎ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን።

በሌሊት ጣሪያ ላይ ስቆም ሰዎች ቢጠራጠሩኝ ምን ላድርግ?

ከመውጣትዎ በፊት ለሕንጻው ጥበቃና ለጎረቤት ይንገሩ፤ መታወቂያ ይያዙ። ሌንሱን ወደ መንግሥት ሕንጻዎች፣ ወደ ጦር ሰፈር ወይም ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ አያዙሩ። ወደ እንጦጦ ወይም ከከተማ ውጭ የሚሄዱ ከሆነ የአካባቢውን ሰው አስቀድመው ያናግሩ፣ የመንገዱን ሁኔታ ያጣሩ፤ ብቻዎን አይሂዱ፤ ጅብ መኖሩንም አይርሱ። ለጓደኛ ኮከብ ለማሳየት አረንጓዴ ሌዘር የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ በቦሌ መውረጃ መስመር ሥር ባለ ከተማ ግን የአብራሪን ዓይን ሊያሳውር ስለሚችል፣ ሌዘሩን ቤት ትተው በጣትዎ ያሳዩ።